ከተሸናፊው ወንበር

ሌላ ሰው ልብስ ሲያምረው ይገዛል፤ ካልቻለም በመስኮት አይቶ፣ ምራቁን ውጦ ያልፋል። ተርታሪዋ ግን ልብስ ሲያምራት ትተረትራለች። ወጣት ሳለች፣ ገና ሰው ቤት ተቀጥራ ዚፕ ስትቀይርና ቁልፍ ስትተክል፣ አንድ ደንበኛ ገበሩ የተቀደደ ካፖርት አምጥቶ ነበር። ሥራው ሁለት ጣት የምታህል ቀዳዳ መድፈን ነው። እሷ ግን ይህ ካፖርት ትከሻው እንዴት እንዲህ ሊያምር ቻለ የሚለው ነገር አላስቀምጣት አለ። ገበሩን ፈታች። ከዚያ ኮሌታውን፣ ከዚያ እጅጌውን። አሠሪዋ ከምሳ ሲመለስ ካፖርቱ ብልት ብልቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አገኘው።

«አበድሽ እንዴ?» አላት።

«አላበድኩም፤ እያነበብኩ ነው» አለችው።

እንደነበረ አድርጋ ገጠመችው። ባለቤቱ ለብሶት ሲወጣ ምንም አልታወቀውም። እሷ ግን ጥሩ ትከሻ እንዴት እንደሚሠራ ያን ቀን ገባት፤ በኋላ ራሷን ችላ ሱቅ ስትከፍት ሰው ከሌላ ሰፈር ድረስ የሚመጣው ለዚያ ትከሻ ነበር። «ተርታሪዋ» የሚለው ስም የወጣላትም ያኔ ነው። ሲወጣ ስድብ ነበር፤ ውሎ አድሮ ማዕረግ ሆነ።

ይህን ታሪክ የእህቷ ልጅ ከመስማቷ ብዛት ከአክስቷ አሳምራ ታወራው ነበር። ልጅቷ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያደገችው አክስቷ ዘንድ ነው፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆና የቁልፍ ቀዳዳ የምትዘመዝመውም፣ ያለቀ ልብስ ለደንበኛ የምታደርሰውም እሷ ናት። ቤቱ ያው ሱቁ ነው። ከፊት ባለ መስታወት በርና የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በግራ ሁለት የስፌት መኪና፣ በቀኝ ካውያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዎቹና ምድጃው። መስኮቱ ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አለች። ላይዋ የቼዝ ሰሌዳ፣ ግራና ቀኟ ሁለት ወንበር። አንደኛው ተራ የእንጨት ወንበር ነው። ሁለተኛው ከተጣለ አውቶቡስ ተነቅሎ እግር የተበየደለት መቀመጫ ነው። እንግዳ ሲመጣ በክብር እዚያ ላይ ይጋበዛል፤ ስፕሪንጉ ሲወጋው ግን ሳይነግሩት በራሱ ጊዜ ይነሳል።

መቀመጫው የባሏ ነበር። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ መሪ ላይ በእርጋታው የተመሰገነ፣ ቼዝ ላይ ግን ፍሬን የሚባል ነገር የሌለው ሰው። ንግሥቱን ገና በማለዳው ያወጣና ያስማርካታል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ትለዋለች ሚስቱ፤ እሱ ቀንዱን ነክሶ ይስቃል። ጨዋታውን ያስተማራት እሱ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያሸንፋት ነበር። ከዚያ በኋላ፣ እስኪሞት ድረስ፣ አንድም ቀን አሸንፏት አያውቅም። አንድም ቀን ደግሞ «ዛሬስ ይቅርብኝ» ብሏት አያውቅም። ከሥራ ሲገባ ኮፍያውን ይሰቅልና «ነይ እስቲ፣ ደግሞ አሸንፊኝ» ይላታል።

ቼዝን ከሥሩ የተማረችው ግን ከመቀስ አፍ ካዳነችው ወረቀት ነው። የልብስ ልክ የምትቆርጥበት አሮጌ መጽሔት በክምር እየገዛች ታስመጣ ነበር። አንድ ጊዜ የእጅጌ ልክ ልትቆርጥ መቀሱን ስትከፍት ገጹ ላይ የቼዝ ሰሌዳ ሥዕል አየች። ከሥሩ ሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች የተጫወቱት ጨዋታ፣ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው ተጽፏል። መቀሱን አስቀመጠች። የዚያን ቀን እጅጌው ሳይቆረጥ ዋለ፤ ባለ ልብሱም ተቆጥቶ ተመለሰ።

እንግዲህ ተርታሪዋ ጨዋታን እንደ ካፖርት ነው የምትፈታው። የሚቀጥለውን እርምጃ በእንጨት ማስመሪያዋ ትሸፍናለች። ከዚያ «እኔ ብሆን ምን እጫወታለሁ?» ትላለች፣ ድምፅ አውጥታ። መልሱን ትናገራለች፤ ምክንያቱንም ትናገራለች። ምክንያት የሌለው ግምት ሎተሪ ነው ባይ ናት። ከዚያ ማስመሪያውን ዝቅ ታደርግና ባለሙያው ምን እንደተጫወተ ታያለች። ከሳተች አንድ ስፒል ታነሳና የልብስ መለኪያው አሻንጉሊት ትከሻ ላይ ትሰካለች፤ ካወቀች አንድ ትነቅላለች። መጀመሪያ ሰሞን አሻንጉሊቱ ጃርት መስሎ ነበር። ልብስ ሊለካ የሚመጣ ሰው «ይሄ ምን በድሎሽ ነው?» ሲላት፣ «እሱ ምን በደለኝ፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ» ትለዋለች።

ስፒሉ መሰካቱ ግን ዋናው አልነበረም። ዋናው ከተሰካ በኋላ ያለው ነው። የሷ እርምጃ ከባለሙያው እርምጃ ለምን እንዳነሰ ሳታውቅ ወደሚቀጥለው አታልፍም። አንዳንዴ አንዲት እርምጃ ላይ ሁለት ሱሪ ተኩሳ ትጨርሳለች፤ ካውያዋ ይሄዳል፣ ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ብዙ ነገር አገኘች። ታላላቆቹ ቼክ ለማለት አይቸኩሉም። ወደ ኋላ መመለስ አያሳፍራቸውም፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ለነሱ ተረት ሳይሆን ሥራ ነው። ከማጥቃታቸው በፊት ባላጋራቸው ምን እንደተመኘ ይጠይቃሉ፣ ምኞቱንም ቀስ ብለው ከእጁ ይወስዱበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ሲገባቸው ከጠጠሮቻቸው መሀል ሥራ የፈታውን ይፈልጋሉ፤ አግኝተውም ሥራ ይሰጡታል። ይህ የመጨረሻው ለተርታሪዋ እንደ ጸሎት ሆኖባት ቀረ። ሰሌዳው ሲጨልምባት «ሥራ የፈታው ማነው?» ትላለች። ይህንኑ ጥያቄ ለእህቷም ልጅ ትጠቀምበት ነበር፣ በተለይ መጥረጊያው ግድግዳ ተደግፎ ስታየው።

አንድ ልማዷ ግን አገሩን ሁሉ ያስቃል። የታላላቆቹን ጨዋታ ስታጠና የምትቀመጠው በአሸናፊው ወገን አይደለም። መጀመሪያ የመጨረሻዋን መስመር ታነባለች፤ የተሸነፈው ማን እንደሆነ ታረጋግጣለች። ከዚያ የተሸናፊውን ጠጠሮች በአውቶቡሱ መቀመጫ በኩል ትደረድርና ስፕሪንጉን ችላ እዚያ ትቀመጣለች።

በዚህ አብዝተው የሚስቁት ጋሼ ሞተር ነበሩ። ጋሼ ሞተር ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ የባሏ የሥራ ባልደረባ፣ አሁን ደግሞ በሾፌሮች ማኅበር አዳራሽ የሚሰበሰበው የቼዝ ክበብ ሰብሳቢ። ስማቸው የወጣው ሲያስቡ ስለሚያጓሩ ነው። ዳገት ላይ ያለ መኪና ይመስላሉ፤ እርምጃው ሲገኝላቸው ድምፁ ይጠፋል።

«እህት ዓለም፣ ሰው ከአሸናፊ ነው የሚማረው! ከተሸነፈ ሰው ጋር ተቀምጠሽ ምን ልታተርፊ ነው?» አሏት አንድ ቀን።

«አሸናፊውንማ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭብለታል፤ እኔ ምን ልጨምርለት ጋሼ? ይሄኛውም እኮ ታላቅ ሰው ነው። ስንቱን አይቶ፣ ከስንቱ አምልጦ፣ አንዷን ነው የሳታት። እሷን ለምን እንደሳታት ካላወቅሁ እኔም ነገ እስታታለሁ።»

«አይ አንቺ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሰሌዳው ፊት ተቀመጡ፤ ተርታሪዋም አሸነፈቻቸው። ሁልጊዜ ታሸንፋለች ማለት ግን አይደለም። በክበቡ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተሸንፋለች። ልዩነቱ ሌላው ሰው ተሸንፎ ሲወጣ በሩን በርግዶ ነው፤ እሷ ግን ደስ ብሏት፣ ጥሩ ጨርቅ በርካሽ እንዳገኘ ሰው እርምጃዎቹን የጻፈችበትን ወረቀት በብብቷ ይዛ ወደ ቤት ትሮጣለች። የሚተረተር አገኘች ማለት ነው።

የእህቷ ልጅ ሌላ ፍጥረት ናት። እሷ የተሰጣት ማስታወስ ነው። አንድ ጊዜ ያየችው ጨዋታ ከጭንቅላቷ አይወጣም። አክስቷ በሳምንት አንዱን ጨዋታ ስትፈታ ልጅቷ ክምሩን ሙሉ ትውጠዋለች። በክበቡ ዓይኗን ጨፍና «ከዚህ በኋላ ፈረሱ፣ ከዚህ በኋላ ግንቡ» እያለች የታላላቆቹን ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር ስታንበለብል ሾፌሮቹ ሻያቸውን ትተው ያጨበጭባሉ። «ካሴት» አሏት። ስሙን ወደደችው። ጭብጨባውን ደግሞ የበለጠ ወደደችው፤ በሃያ ዓመቷ ጭብጨባ የማይወድ ሰው ካለ እሱን ነው ሐኪም ማሳየት።

«ሸምድደሽዋል የኔ ልጅ፤ አልተረተርሽውም» ትላት ነበር አክስቷ።

«አክስቴ ደግሞ! እያሸነፍኩ አይደል?»

እውነትም ታሸንፍ ነበር። የምታሸንፋቸው ሰዎች መጽሔቱ እንደሚለው እየተጫወቱላት ታሸንፍ ነበር። ተርታሪዋም ነገሩን አይታ ዝም አለች። ያልተቀደደ ልብስ ላይ መርፌ አይነሳም።

የከተማው የሴቶች የቼዝ ቡድን ሊሞላ ሁለት ቦታ ቀርቶት ነበር። ካሴት ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ነገር ቢኖር በዚያ ቡድን ስም ሰሌዳ ፊት መቀመጥ ነው። ለአንደኛው ቦታ ከአንዲት ነርስ ጋር ተመደበች። ነርሷ ከሥራ በቀጥታ መጥታ እያዛጋች ነው የተቀመጠችው። ጨዋታው ተጀመረ፤ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ሰሌዳው ካሴት አሳምራ ከምታውቀው ከአንድ ታላቅ ጨዋታ ጋር ገጠመ። የሚቀጥለው የታወቀ ነው፤ ባላጋራ ንግሥቷን ታወጣለች፣ ካሴት ደግሞ ፈረሷን መሀል ሜዳ ላይ ጉብ ታደርጋለች፣ አዳራሹ ይገረማል።

ነርሷ ግን መጽሔቱን የማታውቅ ሰው ነበረች። ንግሥቷን አላወጣችም። ዳር ያለውን ወታደር አንዲት ቤት ገፋ አድርጋ እንደገና አዛጋች።

ካሴት ያን ወታደር አየችው። ማየት አየችው። ግን በጭንቅላቷ ውስጥ ጨዋታው መዞሩን አላቆመም፤ እጇም ተዘረጋና ፈረሷን መሀል ሜዳ ላይ አስቀመጠች። በመጽሔቱ ፈረሱን የሚነካው አልነበረም፣ ምክንያቱም የባላጋራው ንግሥት ከቤቷ ወጥታለች። እዚህ ግን ንግሥቲቱ ቤቷ ቁጭ ብላለች። ነርሷ ሰሌዳውን ትክ ብላ አየች፣ ካሴትን አየች፣ ወጥመድ ይሆን ብላ ደግማ ሰሌዳውን አየች። ከዚያ ፈረሱን በላች። ላልተጫወተ ሰው መልስ መስጠት ይሉሃል ይሄ ነው። ከኋላ ያሉት ጋሼ ሞተር ማጓራታቸው ቀጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። የተበላውን ለማስመለስ ስትሮጥ ሌላ አስበላች። በመጨረሻ የነርሷ ንግሥት ከንጉሧ ፊት ለፊት ባለው ቤት ላይ ገብታ ማት ልትላት፣ ጨዋታውን ልትጨርስባት ስትዘጋጅ ካሴት ተሸንፌያለሁ ስትል ንጉሧን አስተኛች። እርምጃዎቹን የጻፈችበትን ወረቀት ጨምድዳ ወለሉ ላይ ወረወረችና ወጣች። አክስቷ ግን ከኋላ ረድፍ ተነስታ ወረቀቱን አነሳችው።

የቀረው አንድ ቦታ ነው። ለእሱም በሚቀጥለው እሁድ ከአንዲት ዳቦ ጋጋሪ ጋር ትጫወታለች፤ ካልቀረበች ቦታው ያለ ጨዋታ የጋጋሪዋ ይሆናል። ካሴት ግን አልቀርብም አለች። ቼዝ ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ አለች። በክበቡ አንዱ ቀልደኛ «ካሴቱ ተጠለፈ» ብሎ እንደሳቀ ሰምታለች፤ እሱ ነው አንጀቷን የበጠሰው። በማግሥቱ ጋሼ ሞተር ሱቁ ድረስ መጡ።

«ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ስንት ጊዜ ግንድ ገጭቻለሁ! በማግሥቱ መሪ ጨብጫለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ የገጩት ግንድ ነው። እኔ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው የተዋረድኩት።»

ሽማግሌው ወደ ተርታሪዋ ዞሩ፤ አንድ ነገር በያት እንጂ የሚል ፊት ነበር የያዙት። ተርታሪዋ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ የሱሪ እግር እያጠፈች ነው። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣች።

«እሷ ታውቃለች ጋሼ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ይህ ዝምታ ካሴትን ከስድብ በላይ አቆሰላት። አክስቷ ትቆጣለች ብላ ነበር፤ ወይ ታባብላለች። ሁለቱንም ተዘጋጅታ ጠብቃለች። ዝም ስትላት ግን አክስቴ ተስፋ ቆርጣብኛለች አለች በልቧ። ታላላቆቹን ስታነብ የኖረች ሰው፣ አሁን እኔን ምን ልትለኝ ትችላለች? አፍራብኛለች። የቁልፍ ቀዳዳውን ስትዘመዝም እንባዋ ክሩ ላይ እየወረደ ሳምንቱ ሊያልቅ ተቃረበ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ያለቀ ካፖርት ለደንበኛ አድርሳ ተመለሰች። በሩን ከፈተች፤ የስፌት መኪና ድምፅ የለም። ካውያው ቆሟል። አክስቷ መስኮቱ ሥር፣ የአውቶቡሱ መቀመጫ ላይ፣ ወደ ሰሌዳው አጎንብሳለች። ማስመሪያው በእጇ ነው። አዲስ የታላላቆች ጨዋታ አገኘች ማለት ነው አለች ካሴት፤ እንኳን እኔን ልታስብ። አልፋ ወደ መጋረጃው ልትገባ ስትል ወረቀቱን አየችው። ዳርና ዳሩ ተጨማዶ የነበረ፣ አሁን ግን እንደ ኮሌታ በካውያ የተተኮሰ ወረቀት ነው። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው።

አሻንጉሊቱን ዞር ብላ አየችው። ትከሻው ላይ ስፒል ተሰክቷል፤ አንድ ሁለት አይደለም።

«አክስቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም በይ እስቲ፣ አምስተኛዋ እርምጃሽ አልገባችኝም። እኔ ወታደሩን እገፋ ነበር። አንቺ ግን ግንብሽን አዛወርሽ። ለምንድነው?»

«እሷማ...» አለች ካሴት። ልትናገር አልፈለገችም፤ ግን ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። አክስቷ ለማጽናናት አልጠየቀችም፤ ስላልገባት ነው የጠየቀችው። «እሷማ ወታደሩን ከገፋሽው ከኋላው ያለው ቤት ይከፈታል፤ ፈረሷ ይገባበታል።»

ተርታሪዋ ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አየች። «እውነትሽን ነው» አለችና አንድ ስፒል አንስታ አሻንጉሊቱ ላይ ሰካች። «የታላላቆቹን ጨዋታ ሳነብ እንኳ እንዲህ ያለች አላመለጠችኝም።»

ካሴት ሳታስበው በእንጨቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዘጠነኛው እርምጃ ላይ ደረሱ። አክስቷ ማስመሪያውን እንደያዘች ቆየች።

«እዚህ ጋ ምን አየሽ?» አለች ቀስ ብላ።

«ምንም። ምንም አላየሁም አክስቴ። እሷ ያን ወታደር አልገፋችውም ብዬ ነው የተጫወትኩት።»

«በቃ፣ ለምን እንደሳትሻት አውቀናል» አለች ተርታሪዋ፤ ማስመሪያውን ዝቅ አደረገች። ተግሣጽ የለም፣ ነግሬሽ ነበር የለም። መፍታቱ ቀጠለ። ፈረሱ ከተበላ በኋላ ያለውን ውርደት ሁሉ እርምጃ በእርምጃ፣ ምክንያት እየጠየቀች፣ ለታላላቆቹ በምትሰጠው ክብር ፈታችው። በመጨረሻ ካሴት ንጉሧን ያስተኛችበት ቦታ ላይ ደረሱ። ተርታሪዋ ወደ ኋላ ተደገፈች፤ ስፕሪንጉ ጮኸ።

«ሥራ የፈታው ማነው?» አለች።

ካሴት አየች። ጥግ ላይ፣ ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ ያልተነቃነቀ አንድ ግንብ አለ። እጇን ዘረጋችና አንዲት ቤት ወደ ፊት አለችው። ግንቡ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አየ፤ ከንጉሡ ፊት ያለችውን ቤት ጠበቃት። የነርሷ ማት አልሠራም። ካሴት አፏን በእጇ ያዘች።

«አልተሸነፍኩም ነበር።»

«ታሸንፊ ነበር አልልም። ግን ገና ጨዋታ ነበረሽ» አለች አክስቷ።

ካሴት አለቀሰች፤ በዚያ ሳምንት ካለቀሰችው ሁሉ ይሄኛው ቀለል ያለ ነበር። አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ጠይቃው የማታውቀውን ነገር ጠየቀች።

«አክስቴ፣ ሁልጊዜ በተሸናፊው በኩል የምትቀመጪው ለምንድነው? ለጋሼ ሞተር የምትነግሪያቸውን አይደለም።»

ተርታሪዋ የመቀመጫውን ክንድ በመዳፏ አሸችው። «ያጎትሽ ቦታ አይደል? ስንት ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አሸነፍኩት። ፊቱን ነበር የማየው፤ ይስቃል። ከሞተ በኋላ አንድ ቀን መጽሔቱን ይዤ መጣሁ፤ የእንጨቱ ወንበር ላይ ልቀመጥ አልኩና ይሄ ባዶውን ሲያየኝ አልቻልኩም። መጥቼ እዚህ ተቀመጥኩ። እሱ ከዚህ ሆኖ ምን ያይ እንደነበር ልይ ብዬ ነው።» አንዷን ንግሥት በጣቷ ነካች። «ብዙ ነገር ይታያል እናቴ። እኔ ቂል እየመሰለችኝ የበላሁበት ንግሥት አለች፤ ከዚህ ሲያዩዋት ቂል አይደለችም። የሆነ ነገር አስቦ ነበር። ጎበዝ ነበር እኮ ያ ሰውዬ፤ መቸኮሉ ነው እንጂ።»

 አክስቷ ባሏ ከሞተ በኋላ እንኳ እሱን እያጠናች እንደኖረች፣ በየጨዋታው እየፈለገችው እንደነበር ለካሴት ገባት። ሲስቁባት የኖሩት ሁሉ ምን ላይ ሲስቁ እንደኖሩም ገባት።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ተርታሪዋ የሚዘመዘም እጅጌ ይዛ ከኋላ ረድፍ ተቀመጠች፤ ባዶ እጇን መቀመጥ አትችልበትም። ጋጋሪዋ ክንዷ የጠነከረ፣ ጠጠር ስታስቀምጥ ሰሌዳውን የምታናውጥ ልጅ ናት። ገና ከመጀመሪያው በመጽሔቱ ውስጥ የሌለ እርምጃ ተጫወተች። የካሴት እጅ ተዘረጋ። ጋሼ ሞተር ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጇ ግን መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ። ሁለቱንም መዳፎቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸውና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ። ከኋላ ረድፍ ያለችው አክስቷ ምን እንዳለች ከንፈሯን አይታ አወቀች፤ መርፌዋም አንዲት ስፌት ሳተ።

ጨዋታው ረዘመ። ካሴት ሁለት ጊዜ ተጨነቀች፤ አንድ ጊዜ ልትሸነፍ ደረሰች፤ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ጠበቀች። ከጥጉ የወጣ ግንብ ነው በመጨረሻ ነገሩን የለወጠው። ጋጋሪዋ እጇን ስትሰጥ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ካሴት! ካሴት!» አሉ ሾፌሮቹ፤ ያ ቀልደኛም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ አብሮ ይጮሃል።

ሁሉም ወደ አክስቷ ትሮጣለች ብሎ ጠበቀ። ካሴት ተነሳች። ወንበሯን በእጇ አነሳችና ጠረጴዛውን ዞረች፤ ከጋጋሪዋ ጎን አስቀምጣው ተቀመጠች። ጋጋሪዋ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች ነበር።

«ደግሞ ምን ፈለግሽ?» አለቻት።

«ከዚህ ሆኖ ምን እንደሚታይ ልይ ብዬ ነው፤ ፈቃድሽ ከሆነ። እዚያ ጋ ፈረስሽን ስታመጪ አስጨንቀሽኝ ነበር። ምን አስበሽ ነው?»

ጋጋሪዋ ትኩር ብላ አየቻት፤ እየቀለደችባት እንዳልሆነ ስታይ ጠጠሮቹን መመለስ ጀመረች። ሁለቱ ራሳቸውን አጋጥመው አጎነበሱ። ጭብጨባውም ቀስ በቀስ በራሱ ቆመ።

ጋሼ ሞተር ዘወር ሲሉ ተርታሪዋ ዓይኗን በሰው ካፖርት እጅጌ እየጠረገች አገኟት።

«ምን ሆንሽ እህት ዓለም? አሸነፈች እኮ!»

«አየሁ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ተርታሪዋ በመርፌዋ ወደ ሰሌዳው አመለከተች። ሽማግሌው አዩ። ልጅቷ የት እንደተቀመጠች አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ባልሽ ይህን ባየ» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱማ ከዚያ ወገን ሆኖ ነው የሚያያት» አለች ተርታሪዋ፤ የሳተችውን ስፌት ተርትራ እንደገና ጀመረችው።